የመምህር የኔሰው ገብረ ኪዳን ሕይወትና የ«ወንዙ ሲጎድል» ሦስት ቅጂዎች

ከሞጣም ከግንደወይንም መንገዱ ሳይከብዳችሁ እኛን ለማጽናናት የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ የመምህር የኔሰውን ሕይወት ቤተሰቦቻቸው ባወቅነው መጠን እናሰማችኋለን፤ ያላወቅነውንም አንደብቃችሁም።

መምህር የኔሰው ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ኪዳን ተገኘና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አላምረው በ1950 ዓ.ም. እዚሁ ቢቸና ተወለዱ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ዜማ ሲማሩ ቆይተው፣ የቀለም ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ ካጠናቀቁ በኋላ አዲስ አበባ ሄደው በሙዚቃ መምህርነት ሠለጠኑ። መሪጌታ ነገሩን አልወደዱትም ነበር፤ ሆኖም ልጃቸው ለዕረፍት መጥተው ኖታ ሲጽፉ ባዩ ጊዜ፣ «ለካ ይኸም ምልክት አለው» ብለው ዳግመኛ አልተቆጡም።

በ1974 ዓ.ም. በቢቸና ማስተማር ጀመሩ። በ1985 ዓ.ም. የከተማውን መምህራን አሰባስበው የመዘምራን ቡድን ካቋቋሙ በኋላ፣ «ወንዙ ሲጎድል» የተባለውን ባለ አራት ድምፅ ኅብረ ዝማሬ ደረሱ። የክረምት ሙላት የለያያቸው ሰዎች በወንዙ ግራና ቀኝ ቆመው ሲጠራሩ የሚሰማበት ነው፤ ወንዶቹ ከወዲህ ይጣራሉ፣ ሴቶቹ ከወዲያ ይመልሳሉ። በካሴት ሲቀረጽ ግን የሴቶቹ መሪ የነበሩት መምህርት ይርጋነሽ ፋንታ ዘግይተው በመግባታቸው ሌሎቹም እሳቸውን ጠበቁ፤ በጥሪውና በመልሱ መካከልም አንድ ሙሉ ትንፋሽ ያህል ዝምታ ሆነ። መምህርት ይርጋነሽ ደንግጠው «ተሳስቻለሁ፣ እንደገና እንቅረጸው» ቢሉ፣ መምህር የኔሰው «አልተሳሳትሽም፤ እንዳለ ይቆይ» አሏቸው። በዓመቱ ተጋብተው ስርጉትንና ሐብታሙን አፈሩ።

በ1990 ዓ.ም. ወደ ሞጣ ተዛውረው ሲያስተምሩ፣ ያንኑ ድርሰት ለተማሪዎቻቸው አስጠንተው በ1999 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ አስቀረጹት። በዚህኛው ሴቶቹን የመሩት የሞጣው የጨርቅ ነጋዴ የአቶ ከማሉዲን ልጅ ሳብሪያ ነበሩ፤ ሳይዘገዩ ልክ በምቱ ገቡ። ለእሳቸውም «ትክክል ነው፤ እንዳለ ይቆይ» አሏቸው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ ቡድን አስፈቅዶ በስቱዲዮ ሲቀርጸው፣ ዝምታው የነበረበትን ቦታ በኪቦርድ ሞላው። መምህሩም በደብዳቤ አመሰገኑ።

ጡረታ ወጥተው ወደ ቢቸና ከተመለሱ በኋላ ሦስቱን ቅጂዎች እያፈራረቁ ማዳመጥ የዘወትር ሥራቸው ሆነ። በደብተራቸው ላይ ሰኞ «የቢቸናው ልክ ነው» ብለው ጽፈው፣ ማክሰኞ ሰርዘው «የሞጣው» ይሉ ነበር። የመጀመሪያውን ኖታ ብናይ ይገባን መስሎን ብናወጣው፣ ሴቶቹ የሚገቡበት ቦታ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ወረቀቱ ተበስቷል። ለጥበብ መጠንቀቃቸው መስሎን ነበር፤ የመርሳት ሕመም መሆኑን ያወቅነው፣ ባለቤታቸውን «እሜቴ፣ ይርጋነሽ የምትባል መምህርት አላዩልኝም?» ብለው የጠየቁ ዕለት ነው። ወይዘሮ ይርጋነሽም «ትመጣለች» አሏቸው።

ካረፉበት ቀን ሳምንት ቀደም ብሎ ወይዘሮ ሳብሪያ ከሞጣ ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ሦስቱንም ቅጂዎች በስልካቸው በተራ አሰሟቸው። የቢቸናውን አዳመጡ። የሞጣውንም አዳመጡ። በአዲስ አበባው ኪቦርዱ ሲጀምር ግን ሲመሩ እንደነበረው እጃቸውን አንሥተው፣ «ቆዩ፤ ገና አልገባችም» አሉ። ወይዘሮ ሳብሪያ ስልኩን ዘጉ። እጃቸው እንደተነሣ ቆየ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ይርጋነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ፣ በደከመ ድምፅ የሴቶቹን መልስ አዜሙት፤ መምህሩም እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። አውቀዋቸው ይሁን ደክሟቸው እስካሁን አልገባንም። ወይዘሮ ይርጋነሽም ሲጠየቁ፣ «እንጃ፤ ፊቱን አይቼ መለየት አቃተኝ» ነው የሚሉት።

መምህር የኔሰው ገብረ ኪዳን ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ጥሩአየሁንና በሁለት ከተማ ያስተማሯቸውን ተማሪዎች ትተው ሄደዋል።

በዐርባቸው ዕለት የቢቸናና የሞጣ ዘማሪዎቻቸው እዚሁ ባስተማሩበት ትምህርት ቤት አዳራሽ አንድ ላይ ሊያዜሙላቸው ተስማምተዋል። የቢቸናዎቹ እንዘግይ፣ የሞጣዎቹ በምቱ እንግባ ብለው ስላልተግባቡ ወይዘሮ ይርጋነሽን ቢጠይቋቸው፣ «እኔም አላውቀውም፤ ዘምሩትና እንስማው» ብለዋቸዋል።

እኛ ያልገባንን የሚያውቅ አምላክ የመምህር የኔሰውን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልን፤ እናንተንም ከየደጃችሁ ኀዘን ያርቅላችሁ። አሜን።