ስለ ልጃቸው የሚመልሱት አናጢ

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የተቃጠለ አምፖል ልቀይር ብዬ ወደ ሰፈራችን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ብቅ ስል አናጢው ጎረቤቴና የእህታቸው ልጅ ባንኮኒው ፊት ቆመው ሲከራከሩ ደረስኩ። ሠላሳ ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ክርክር ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። ሚስቴ «ያልተጠራ ዳኛ» የምትለኝም ለዚሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የአናጢው ልጅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ ሐሙስ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቀደም ብሎ ከጣሪያ ላይ ወድቆ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎዳና ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ አቃተው። አባትየው ሐዘናቸውን የተወጡት በመጋዝና በመዶሻ ነው። ደረጃውን አፍርሰው ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ ሠሩ፤ አልጋውን ዝቅ አደረጉ፤ የመኝታ ቤቱ በር ጠበበ ብለው ነቀሉትና መቃኑን አሰፉ። በምትኩ ግን ሌላ በር አልገጠሙም። «በሽተኛ ላይ በር አይዘጋም» ይላሉ።

የእህታቸው ልጅ ፊዚዮቴራፒስት ናት። አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎችን በኢንተርኔት፣ በቪዲዮ ሰብስባ እንደምታነጋግር ሰምታ የአጎቷን ልጅ አስመዘገበችው። ቀጠሮው በየሐሙሱ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። ልጁ ሁለት ጊዜ ገባና ተወው። የዚያን ዕለትም ከቀረ ቦታው ለሌላ ተራ ጠባቂ ሊሰጥ ነበር።

«መምህር፣ እንኳን መጣህ!» አሉኝ አናጢው። «እስቲ አንተ ፍረድ። የቤት ገመና በስልክ ይወጣል?»

«የምን ገመና ነው ጋሼ?» አለች ልጅቱ። «ሐዘን ገመና ነው እንዴ?»

«ምን ጎደለው? ጎረቤቱ በሙሉ ይጠይቀዋል፤ እኔ አባቱ አለሁ። በአካል አይታው የማታውቅ ሴት ከኔ በልጣ ልታጽናናው ነው? ደግሞ የተጎዳው ወገቡ ነው፤ ጭንቅላቱ ምን ሆነና!»

እውነቱን ልናገርና እኔም በልቤ ለእሳቸው ፈርጄ ነበር።

«ጋሼ፣ ሥራውን፣ እግሩንና የነገ ሐሳቡን በአንድ ቀን ያጣ ሰው ቢያዝን እብድ ነው ያለው ማን ነው? ሐዘኑን ብቻውን ሲሸከመው ግን ይሰብረዋል። ስፖርቱን እምቢ ያለኝ ክንዱ ደክሞ አይደለም። 'ለምን ብዬ?' ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ጠያቂ ሲመጣ ይጫወት የለ!»

«ጠያቂ ሲመጣ ማን ማንን ያጽናናል? ሰው ገና ሲያየው እንባው ይመጣል። እሱ 'አይዟችሁ' እያለ ሲያባብል ይውላል። ሲሄዱለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።»

ይህ ነገር እኔን ወጋኝ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ነኛ! አሥራ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፤ አሥራ አንድ ጊዜ «አይዞህ» ብያለሁ፤ የሚባል ሲጠፋኝ ኮርኒሱን አይቼ ወጥቻለሁ። አፈርኩ።

«ይሁን፣ ይታይ» አሉ አናጢው ለዘብ ብለው። «ግን እንደ ወጉ ሄዶ ፊት ለፊት ይታይ። አጭበርባሪ ብትሆንስ?»

«የሙያ ፈቃዷን ራሴ ሄጄ አይቻለሁ። የሰማችውን ለማንም አታወራም፤ ግዴታዋ ነው። ቢሮዋ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ተሸክመውት ሊወጡ ነው? መንገድ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ገላው ቢቆስልስ? ደግሞ ቡድኑ ውስጥ እንደሱ የተጎዱ ስድስት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዷ ሁለት ልጅ የምታሳድግ እናት። በየከተማው የተበተኑ ናቸው። ያለ ኢንተርኔት የት ይገናኛሉ?»

«እንዲህ ጥሩ ከሆነ ታዲያ ለምን በሁለት ቀን ተወው?» አሉ አናጢው፣ ረታሁ ብለው።

ልጅቱ ወደ አጎቷ ጠጋ አለች። «አይቆጡኝ ጋሼ። በእርስዎ ምክንያት ነው።»

«በኔ?!»

«መጀመሪያ ቀን ባለሙያዋ 'እንዴት ሰነበትክ?' ስትለው ከኮሪደር ሆኖ ማን መለሰ?»

«'ደህና ነው፣ ተመስገን' አልኩ። ነውር ነው?»

«በሳምንቱ 'እንቅልፍስ?' ስትለው?»

«'ይተኛል' አልኩ። ሲያንኮራፋ እሰማዋለሁ እኮ!»

ባለ ሱቁ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መደርደሪያው ዞረ። እኔም ልስቅ ስል የልጅቱ ዓይን እንባ ሞልቶ አየሁና ተውኩት።

«አይተኛም። እርስዎ እንዳይጨነቁ እንደተኛ ያስመስላል። ሽንቱ ያመለጠው ዕለት ያፈረውን ለማን ይንገር? እጮኛው የቀረችበትን ነገር እንዴት ያንሳው፣ እርስዎ ኮሪደር ላይ ቆመው? 'አባቴ መውጫ ሰጠኝ፤ ማልቀሻ ግን አሳጣኝ' ብሎኛል።»

አናጢው ባንኮኒውን በአውራ ጣታቸው ሲፈትጉ ቆዩ። «ለኔ አላለኝም» አሉ በመጨረሻ።

«ስለሚወድዎት ነዋ። የሚወዱትን ሰው ማስጨነቅ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ባዳ የሚያስፈልገው።»

«ፍረድ ካሉኝ» አልኩ፣ አላስችል ብሎኝ፣ «አባት ለልጁ ፈተና ተቀምጦለት አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ደግሞ እየደበቅንለት ነው።»

አናጢው ሰዓታቸውን አዩ። አራት ሰዓት ነበር። «የተንሸራታች በር ሐዲድ ስጠኝ» አሉት ባለ ሱቁን። «ጥሩውን።»

ቤት ሄደው ተንሸራታች በር ሠሩ፤ መቀርቀሪያውንም ልጁ ተቀምጦ በሚደርስበት ቁመት ገጠሙት፤ ልጅቱ ባሳሰበችው መሠረትም ክፉ ቢያጋጥም ከውጭ የሚከፈት አደረጉት። ስምንት ተኩል ላይ አለቀ። ዘጠኝ ሲሆን ልጁ በሩን በገዛ እጁ ዘጋ። አናጢውና እኔ ድምፅ እንዳንሰማ ብለን ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞርን። «ምን እያለ ይሆን?» አሉኝ አምስት ጊዜ። አላውቅም አልኳቸው፤ ደግሞም አላውቅም ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ባለሙያዋ ቤተሰብ የሚገኝበት ቀጠሮ ያዘች። ዕለቱን የነገሩኝ ራሳቸው አናጢው ናቸው። ከልጃቸው ጎን ስልኩ ፊት ተቀምጠው ተራቸው ሲደርስ፣ «የወደቀ ዕለት እሱ ወደ ጣሪያ መውጣት አልፈለገም ነበር። ዝናብ ይመጣል አለኝ። አላልቅ ያለው የኔ ሥራ ነበርና ውጣ አልኩት» አሉ። ለሰው ሲናገሩት የመጀመሪያቸው ነበር።

ልጁ የአባቱን እጅ ይዞ፣ «አባዬ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ስትቆርጥና ስትመታ ብቻ ነው የሰማሁህ። አላኮረፍኩህም እኮ፤ አጣሁህ እንጂ» አላቸው። ሁለቱም አለቀሱ፤ ስድስቱም የቡድኑ ሰዎች ስልኩ ላይ በየመስኮታቸው ሆነው ጠበቋቸው።

አንባቢ ሆይ፣ በስልክ የተነጋገረ ሰው ተነስቶ ሄደ ልልህ አይደለም፤ እግሩ ያው ነው። ግን እንቅልፉ ተመልሷል፤ ስፖርቱን ጀምሯል፤ ተቀምጦ በሚሠራበት ጠረጴዛ የተበላሹ ሞተሮችን ይጠግናል፤ ሲከፋውም ከፋኝ ይላል። እኔም ስጠይቀው መልሱን እጠብቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ግንበኛ ወደ አናጢው መጣ። ወንድሙ መኪና ገጭቶት ወገቡ ተጎድቷል። ለዊልቸሩ መወጣጫ እንዲሠሩለት ለመናቸው። አናጢው ሜትራቸውን ኪሳቸው ከተው ወንበር ሳቡለት።

«መወጣጫውን ነገ እሠራዋለሁ» አሉት። «አሁን ቁጭ በልና ልጄ የሚያናግራትን ሴት ስልክ ጻፍ።»