ከማማው ወዲያ ያለው መንገድ

አውቶቡሱ ዘግይቷል። በመናኸሪያው መጠበቂያ አዳራሽ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ተደግፎ ሲያዛጋ፣ አንድ የስልክ ማማ ቴክኒሺያን ብቻ ጉልበቱ ላይ ከዘረጋው ወፍራም መጽሐፍ ጋር ትግል ገጥሟል። ገጹን ይገልጣል፣ ያፈጥበታል፣ መልሶ ይከድነዋል። መጽሐፉ የኔትወርክ ደኅንነትን የሚመለከት፣ በሙያው አንቱ የተባሉ ሰዎች ለሚፈተኑት የምስክር ወረቀት የተዘጋጀ ነው። እሱ ይህንን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቆ አሁን ለሦስተኛው እየተሰናዳ ነበር።

ሥራው ከከተማ በራቀ ተራራ ላይ ነው። ጄኔሬተሩን ያያል፣ ባትሪውን ይለካል፣ ገመዱን ይጠግናል። ከተራራው በታች ያለው ሕዝብ የሚጋበዘውም፣ የሚጣላውም፣ የሚታረቀውም በእሱ ማማ በኩል ነው። እሱ ግን ቤቱን የሚያየው በየጥቂት ወሩ፣ እንደ እንግዳ ሰንበት ብሎ ነው። የአራት ዓመት ልጁ አባቷን የምታውቀው በድምፁ ነው። ዛሬም ባለቤቱ ልትሸኘው ልጅቷን ይዛ መጥታለች፤ ልጅቷ ግን የእናቷን ስልክ ነጥቃ አዳራሹ ጥግ ካለው ምሰሶ ጀርባ ሄደችና ደወለችለት።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

«እሺ የኔ ቆንጆ። ነይና እዚህ አጠገቤ ሆነሽ አውሪኝ።»

«አይ፣ በስልክ ነው የማወራህ። መቼ ትመጣለህ?»

ገና አልሄደም እኮ! «በቅርቡ» አላት። ሁልጊዜም የሚላት ይህንኑ ነው።

ስልኩን ሲዘጋ አንዲት ሽበት የወረራቸው ሴት ከፊቱ ቆመዋል። «ይህን ልጅ የት ነው የማውቀው?» ሲሉ ገና ከድምፃቸው ለያቸውና ብድግ አለ። በሙያ ትምህርት ቤት ያስተማሩት መምህርት ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የኤሌክትሪክ መለኪያቸው ከካፖርታቸው ኪስ ስለማይጠፋና ያልለኩትን ነገር ስለማያምኑ፣ ተማሪው በሌሉበት «እትዬ ቴስተር» ይላቸው ነበር። እነሆ ዛሬም የመለኪያው ጫፍ ከኪሳቸው ብቅ ብሏል።

ጤናውን፣ ቤቱን፣ ሥራውን ጠይቀው ሲጨርሱ ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ አረፈ።

«ለመሆኑ ይህን የሚያህል መጽሐፍ ምን ልትሆንበት ነው?»

«ከተማ ልመለስበት ነው መምህር። ዋናው መሥሪያ ቤት ለኔትወርክ መቆጣጠሪያ ክፍሉ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ይፈልጋል።»

«የትኛውን የምስክር ወረቀት?»

ቴክኒሺያኑ አንገቱን አከከ። «እነሱስ ያሉት ሁለተኛውን ደረጃ ነው። እኔ ትልቁን ይዤ ብቀርብ ማን ይመልሰኛል ብዬ ነው እንጂ።»

«የመጀመሪያውንስ ወስደሃል?»

«እንዴ መምህር! ዕድሜዬን ማማ ላይ ጨርሼ፣ አሁን ከጀማሪ ጋር ተቀምጬ ኔትወርክ ማለት ምን ማለት ነው ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

ባለቤቱ ይህን ጊዜ አላስቻላትም። «የምን ሰው? አንተ ያለህበት ተራራ ላይ ሰው አለ እንዴ?»

መምህርቷ ከት ብለው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ኩራት ሞኝ ያደርጋል ቢባል ይህ ሰው ጥሩ ምስክር ነው፤ ሦስት ደረጃ ካለው ቤት በሁለቱ ላይ ዘሎ ሊገባ ሲል ሁለት ጊዜ ወድቆ፣ ጥፋቱን ዛሬም የሚያሳብበው በፈተናው ላይ ነው።

«ሾልኮ የወጣውን የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ ከኢንተርኔት አውርጄ ጥርግ አድርጌ ሸምድጄ ነበር። ስገባ ግን መልኩን ቀይሮ ጠበቀኝ» አላቸው።

«ይኸውልህ፣ እሱ ማጭበርበር ነው። ቢደረስብህ ዳግመኛ እንዳትፈተን ትታገዳለህ። እሱ ይቆየንና አንዲት ነገር ልጠይቅህ። ከማማህ ሥር ሆነህ ለልጅህ ስትደውል፣ ድምፅህ በየት በኩል አልፎ ነው እሷ ዘንድ የሚደርሰው?»

ፊቱ በራ፤ ይህማ የእሱ ግዛት ነው። «ከስልኬ ወደ አንቴናው ይሄዳል። ከአንቴናው በገመድ ወደ መሣሪያው ክፍል ይወርዳል። ከዚያ ማማው ላይ ባለው፣ ዲሽ በሚመስለው ክብ ሰሃን ወደ ማዶው ተራራ ይተላለፋል። ከዚያ…»

«ከዚያስ?»

እጁ ወደ ማዶ እንደተዘረጋ ቀረ። «ከዚያማ… ይደርሳላ።»

ስንት ዓመት ሙሉ እየመሸ ሲመጣ ድምፁን ወደ ቤቱ ይልካል፤ ከማዶው ተራራ ወዲያ በየት እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። ፈተናውን መውደቁ እንዲህ አላመመውም። ያ ድምፅ በየቀኑ የሚሄድበትን መንገድ እሱ ራሱ ሊሄድበት እየተመኘ፣ መንገዱን እንኳ አያውቀውም።

«የመጀመሪያው ደረጃ የሚያስተምርህ ይህንኑ መንገድ ነው» አሉ መምህርቷ፣ ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው። «ድምፅህ ይቆራረሳል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ከማን እንደመጣና ለማን እንደሚሄድ አድራሻ ይሰፍርበታል። በየመገናኛው ራውተር የሚሉት መሣሪያ አድራሻውን እያየ በዚህ እለፍ ይለዋል። ይህን ሳታውቅ ስለ ደኅንነት ስታነብ፣ በሩ የት እንዳለ የማታውቀውን ቤት ልትቆልፍ ነው የተነሣኸው።»

«እሺ፣ ምን ላድርግ ታዲያ?»

«መሠረቱን ከስሩ ተማርና ተፈተን። ሁለተኛው ደረጃ እጅ ይፈልጋል፤ ላፕቶፕህ ላይ ራውተሮቹን አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ጫንና ራስህ አገናኝ፣ ራስህ አበላሽ፣ ራስህ ፈልገህ ጠግን። እሱን ስታልፍ ለሥራው አመልክት፤ የጠየቁህ እሱን ነው። ትልቁን ከተማ ከገባህ በኋላ፣ ሥራው ራሱ እያስተማረህ ትደርስበታለህ። ደግሞ አንዴ አገኘሁ ብለህ አትቀመጥም፤ ወረቀቱ ጊዜው ሲያልፍበት ይታደሳል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ከሥራህ ጋር፣ ሳታቋርጥ ከያዝከው፣ ዓመት ከመንፈቅ።»

ለባለቤቱ የነገራት ግን በሚመጣው ወር ጠቅልዬ እመለሳለሁ ብሎ ነበር።

«መምህር፣ ቤቴ ናፈቀኝ» አላቸው፣ ሳያስበው። «ልጄ ጉንፋን ሲይዛት የማውቀው በስልክ ሳሏን ስሰማ ነው። ግንባሯን ዳስሼ አላውቅም። ዓመት ከመንፈቅ እንዴት አድርጌ?»

«ናፍቆትህ ይገባኛል ልጄ። ግን በዚህ አቋራጭ ሁለት ጊዜ ሄደህ ሁለቴም የተመለስከው ተራራው ላይ ነው።»

ወደ ባለቤቱ ዞረ፤ ፊቷን ለማየት ግን ፈራ። «በሚመጣው ወር ብዬሽ ነበር…»

«ብለኸኝ ነበር። አምናም ብለኸኝ ነበር» አለችው፣ ሳትቆጣ። «እኔ እኮ መጠበቁ አይደለም ያደከመኝ። መቼ ድረስ እንደምጠብቅ አለማወቁ ነው። ቁርጡን ንገረኝና ልቤ ይረፍ።»

እሱ እውነቱን ከነገራት ታዝናለች ብሎ ሲፈራ፣ እሷ ያዘነችው እውነቱን ባለመስማቷ ኖሯል። ስንቱ ባል ሚስቱን የሚያጽናናት እየመሰለው ያደክማታል! «ቁርጡ ዓመት ከመንፈቅ ነው» አላትና መጽሐፉን ከድኖ በሁለት እጁ ለመምህርቷ ዘረጋላቸው።

«እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ። ሁለተኛውን ሳልፍ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«አደራህን ተቀብያለሁ። የመጀመሪያውን ደረጃ መጽሐፍ በሰው እልክልሃለሁ፤ ያልገባህን እየደወልክ ጠይቀኝ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይህን መንገድ ደረጃ በደረጃ የሄደ ሰው ወረቀቱን ቢነጠቅ እንኳ ሙያው ይቀርለታል። በየሄደበት ሥራ አያጣም፤ ከቤተሰቡም ተለይቶ አይኖርም።»

አውቶቡሱ መጣ። ቴክኒሺያኑ ባለቤቱን አቅፎ ተሰናበተና ገብቶ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ልጅቷ ከመስኮቱ ሥር፣ እጁን ቢዘረጋ ፀጉሯን በሚነካበት ቦታ ቆማ ደወለችለት።

«አባዬ፣ መቼ ትመጣለህ?»

«በቅርቡ» ሊል አፉን ከፍቶ ተወው።

«ስሚኝ የኔ እናት። እስከዚያ እየመጣሁ እመለሳለሁ። ትምህርት ቤት የምትገቢ ጊዜ ግን ጠቅልዬ እመጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ቦርሳሽን ይዤ የማደርስሽ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችና ቀና ብላ መስኮቱ ላይ ያለውን ፊት አየችው።

«ቦርሳዬ ግን ቀይ ነው!» ብላ በአፏ ሙሉ ጮኸችበት።

እሱም ስልኩን ኪሱ ከተተና ግማሽ አካሉን በመስኮቱ አወጣ። «እሺ፣ ቀይ ነው!» አላት።