የሃምሳ አለቃ ኦጁሉ አንድ እግር ጫማ

በእኛ ጊዜ ብዬ ስጀምር አትሳሳቁ፣ ቀናችሁ ሲደርስ እናንተም ትሉታላችሁ። በእኛ ጊዜ የአኝዋ ወንድ ሚስት የሚያገባው በእህቱ ነበር። በእህቱ ስል፣ እህቱ ስትዳር የባሏ ቤተሰብ ድሙይ ይሰጣል፣ ያንን ሰማያዊ ዶቃ፣ ከቅድመ አያት የወረደውን፣ ገበያ ወጥታችሁ የማታገኙትን። እና ያ ድሙይ ወደ ቤት ሲገባ ወንድሟ ይዞት ይወጣና ለራሱ ሚስት አባት ይሰጠዋል። ታዲያ እህት ባሏን ጥላ ከመጣች ድሙዩ ይመለሳል። ከየት ይመለሳል? ከወንድሟ ሚስት አባት ቤት። ገባችሁ? ይህን ያዙልኝ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ ወንድሜ ስለ ኦጁሉ ንገሪን አላችሁኝ። ከቀበርነው ሁለት ሳምንቱ ነው፣ እሺ እነግራችኋለሁ። አንቺ ጻፊ፣ ግን እንዳታሳምሪው።

ከተማው ሃምሳ አለቃ ነው የሚለው። እናንተ የምታውቁት ሽማግሌውን ነው፣ ባሮ ዳር ክራንቹን አጠገቡ አጋድሞ በመንጠቆ ዓሣ የሚጠብቀውን። እኔም የማውቀው ከናንተ ብዙ አይበልጥም፣ በልጅነቴ ሄጄ የተመለስኩት ጸጉሬ ከነጣ በኋላ ነው። መካከሉን ካርቱም፣ ኋላም ናይሮቢ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሰው መጽሐፍ ስደረድርና ሳነብ ኖርኩ። ያላነበብኩት ትንሽ ነው። ዳግመኛ አላገባሁም፣ ልጅ የለኝም፣ ዓይኔ ደከመ፣ ታዲያ የት ልሂድ? ወንድሜ ቤት መጣሁ። ይቅር ብዬው አልነበረም የመጣሁት። ይህንንም ጻፊው።

እና ገና ሳይነጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ "ተነሱ!" ይላል። ብርድ ልብሱን እንደ ካምፕ አጥፏል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ሬዲዮኑን ከፍቷል። "ኦጁሉ፣ ማን ሊጎበኝህ ነው?" ስለው፣ "አዛዥ ሲመጣ ተናግሮ አይመጣም" ይላል። ዶሮዎቹን "ተሰለፉ!" ይላቸዋል። ዶሮ ይሰለፋል? እሱ ግን ከልቡ ይቆጣል። ምስር አይበላም፤ "የዕድሜ ልኬን ምስር ሠራዊት ውስጥ ጨርሼዋለሁ" ባይ ነው። ጃንጥላ አይዝም፤ "ዝናብ የሚፈራ ሰው ስለ አገር አያውራኝ" ይላል። ስለ ሁሉም ነገር ሐሳብ አለው፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ሹማምንት፣ ማንጎ መቼ እንደሚለቀም። ስለ ጦርነቱ ግን ምንም። እኔ ብዙ ያነበብኩ ነኝና "ሰሜን እንዴት ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ አሰበ፣ አሰበ፣ "ብርድ ነበር" አለኝ። ሌላ ቀን ደግሜ ጠየቅሁት። "ነገርኩሽ እኮ አሪየት፣ ብርድ ነበር።" ይኸው ነው። ቀኝ እግሩ እዚያ ቀርቶ ከጦርነቱ ይዞልኝ የመጣው ታሪክ ይኸው ነው።

ያ ደግሞ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚሰማኝ ቾል፣ ግራ እግር የለውም። ኑዌር ነው፣ ከድንበሩ ማዶ ሲዋጋ የኖረ፣ ጎረቤታችን። ታዲያ እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ጫማ የሚገዙት በጋራ ነው። አንድ ጥንድ ይገዛሉ፣ ግራው ለኦጁሉ፣ ቀኙ ለቾል። እና በየዓመቱ ጠብ ነው።

"ዘንድሮ ቡናማ ነው!" ይላል ቾል።

"ወታደር ቡናማ አያደርግም!"

"የናንተ ወታደር አያደርግ ይሆናል። የኛ ባዶ እግሩን ነበር የሚዋጋው፣ ቡናማም ብርቁ ነው።"

"እሺ ቡናማ ይሁን፣ የእግርህ ነገርስ? አርባ አራት ቁጥር እያስገዛኸኝ ጨርቅ እየጠቀጠቅኩ እሄዳለሁ!"

"ታዲያ እግሬ ይነስልህ ብዬ ልቁረጠው?"

"አንዱን ቆርጠኸው የለም እንዴ!"

ያኔ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ይስቃሉ። አኬሎም፣ የኦጁሉ ልጅ፣ ጓሮ ሆና ትስቃለች። እናቷ፣ ወንድሜ ከሠራዊት ወጥቶ ያገባት ሴት፣ ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። እኔ ብቻ አልስቅም። አይሆንልኝም። ወንድሜን ሳይ ሌላ ሰው ነበር የሚታየኝ፣ ሁለት እግር ያለው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኔን ለጎግ ሰው ዳሩኝ። ሽማግሌ ነው፣ ክፉም አልነበረም፣ ግን የፊደል መጽሐፌን እየቀደደ ትምባሆ ይጠቀልልበት ነበር። አንድ ገጽ ዛሬ፣ አንድ ገጽ ነገ። ግማሹ ሲያልቅ ተነስቼ ሸሸሁ፣ በአቦቦ አድርጌ በእግሬ ጋምቤላ ገባሁ። ኦጁሉ በእኔ ድሙይ አግብቶ አገኘሁት፣ ሚስቱ ጓሮ ማሽላ ትፈጫለች። የቤቱ ወንዶች ተሰበሰቡና "ትመለስ" አሉ። ማን ይመልሳት? "እኔ እመልሳታለሁ" አለ ወንድሜ። በአፉ ነው ያለው፣ ማንም ሳያዘው።

ሦስት ቀን መራኝ። በሁለተኛው ቀን እሾህ ወጋኝ፣ ውስጥ ገባ። "ኦጁሉ፣ እግሬን እይልኝ" አልኩት። "ፍጠኚ፣ ይመሽብናል" አለኝ። እያነከስኩ ሄድኩ። ጎግ ስንደርስ በር ላይ አቆመኝ፣ ለሰውዬው "ይኸው" አለው፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ዞረ። ጀርባውን እስኪጠፋ ድረስ አየሁት፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም። እና በሚቀጥለው በጋ በሌላው መንገድ ጠፋሁ፣ ድንበር ተሻግሬ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባሁ። ያንን ጀርባ ካርቱም ይዤው ሄድኩ፣ ናይሮቢ ይዤው ሄድኩ። ደብዳቤ ይጽፍልኛል፣ ወታደር ሆኛለሁ ይላል፣ አልመልስም። "ደግ አደረገ" እላለሁ፣ "ሰው ማስገደድ ይወዳል፣ ቦታውን አገኘ።"

አሁን ወደ አኬሎ ልምጣ። ያችው ናት፣ ፊቷን ያዞረችው። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ወደዳት፣ አቦቦ ጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ የጨዋ ልጅ። ዛሬ ሁሉም በብር በሚጨርስበት ዘመን የልጁ ቤተሰብ እውነተኛውን ድሙይ ከአያት ሣጥን አውጥቶ አመጣ። እንዲህ ያለ ክብር ዛሬ የት ይገኛል? ማንጎው ሥር ተቀመጥን፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጸለየ፣ የልጁ አጎት በጨርቅ የቋጠረውን ይዞ ተነሣ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ይኸው አመጣን።"

"አልቀበልም" አለ ኦጁሉ።

"አነሰ?"

"አላነሰም።"

"ልጃችን ተነቀፈ?"

"ልጃችሁ ወርቅ ነው። ይውሰዳት። ድሙዩን ግን መልሱት።"

"ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?"

"አልቀበልም ብያለሁ፣ አልቀበልም!"

"እኛ ያንተ ወታደሮች አይደለንም!" አለ አጎትየው፣ ተቆጣ፣ ቋጠሮውን ወደ ኪሱ መለሰ። እናንተ ልጆች አይገባችሁም፣ ድሙይ አንቀበልም ማለት ዝምድናችሁን አንፈልግም ማለት ነው። ልጅቱስ? እንደ ጠፋች ፍየል ሰው ግቢ ዝም ብላ ትገባለች። አኬሎ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። "አባ፣ ተው" ትላለች፣ "አባ፣ ሰው ምን ይለኛል?" ቾል ደግሞ ያስታረቀ መስሎት "ይኸው ነው የዶቃ ችግሩ፣ እንደኛ ላም ቢሆን ኖሮ አርደን በልተን ተስማምተን ነበር" አለ። ማንም አልሳቀለትም።

እና ሰዎቹ ሊሄዱ ተነሡ። ከሄዱ ጋብቻው አበቃ። አጎትየው ወደ እኔ ዞረ። "የአባቷ እህት፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አስረጂው።"

ሃምሳ ዓመት የተቋጠረ ነገር ነበረኝ። ማስረዳቱን ትቼ ያንን ፈታሁት። "ይህን ሰው አታውቁትም" አልኩ። "ዛሬ ድሙይ የሚጸየፈው፣ ያኔ ለድሙይ ብሎ እህቱን እንደ ከብት ነድቶ የመለሰ ነው። እግሬን እሾህ ወግቶኝ 'ፍጠኚ' ብሎኛል።" ሁሉንም ተናገርኩ፣ በገዛ ልጁ ፊት፣ በእንግዳ ፊት። ልቤ ቀለለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ኦጁሉ ክራንቹን ያዘ፣ ተነሣ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ። "እውነት ነው" አለ። "የጨመረችው ነገር የለም። የቀረውን እኔ ልጨምር።"

እና ነገራቸው። እኔ ድንበር ስሻገር የጎግ ሰዎች መጥተው ድሙያችንን አሉ። ኦጁሉ አማቱ ዘንድ ሄደ። አማትየው ድሙዩን ሰጠው፣ ሴት ልጁን ወሰደ፣ ሥርዓቱ ነዋ። "ማሽላ እየፈጨች ነበር" አለ ወንድሜ፣ "አባቷ ጠራት፣ ዱቄቱን ሳታነሣ ሄደች። እኔም አላነሣሁትም፣ ጉንዳን ነው የጨረሰው። በአራተኛው ቀን ባዶ ቤት ከምቀመጥ ብዬ ሄጄ ተቀጠርኩ። ወታደርነት ወድጄ አይደለም።"

ቆየና ደግሞ "በእህቴ አልፈርድም" አለ። "እግሬ ከተቆረጠ በኋላ ሰው ሲያነክስ ቶሎ መሄድ እንደማይችል ገባኝ። ታዲያ ስለ ልጄ አሰብኩ። አንድ ቀን ከፍቷት ወደ እኔ ብትመጣ፣ እጄ ላይ የሰው ነገር ካለ እመልሳታለሁ። እኔ እኔን አውቀዋለሁ። ምንም ካልተቀበልኩ ግን ማንም መልሳት አይለኝም።"

እኔ ያን ሁሉ መጽሐፍ ሳነብ፣ ያቺ ጓሮ የምትፈጨው ሴት ምን ሆነች ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። አንድም ቀን። እኔን ከመለሱ እሷ ትኖራለች፣ እኔ ከጠፋሁ እሷ ትወሰዳለች፣ ሥርዓቱን ከናንተ ይልቅ እኔ አውቀው ነበር፣ ግን አላሰብኳትም።

ታዲያ አኬሎ ዓይኗን ጠርጋ ወደ መሐል መጣች፣ ለአጎትየው እጇን ዘረጋች።

"ለእኔ ስጡኝ።"

"ምኑን?"

"ድሙዩን። አባቴ ካልተቀበለ እኔ እቀበላለሁ። የሚመለስበት ቀን ከመጣም የምመልሰው እኔ ነኝ።"

"ሴት ድሙይ አትቀበልም! እንዲህ ያለ ነገር በእኛ የለም!"

"ከዛሬ ጀምሮ አለ" አለ ቾል።

አጎትየው ኦጁሉን አየ፣ ኦጁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። በመጨረሻ ቋጠሮውን ከኪሱ አወጣና እጇ ላይ ጣለላት። "ከዚህ ቤት ሴቶች ጋር ማን ይከራከራል?" አለ፣ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቀ። ሰርጉ በቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ኦጁሉ ጥቁር ጫማውን አድርጎ ገባ፣ ያ ዓመት የጥቁር ነበር።

ከሰርጉ በኋላ አንድ ማለዳ ሬዲዮኑን ዘጋና "አሪየት፣ ጎግ እንሂድ" አለኝ።

"ጎግ ምን አለኝ?"

"እዚያ በር ላይ የተውኩሽ እኔ ነኝ። ሄጄ አላመጣሁሽም። እንሂድና ላምጣሽ።"

የሞኝ ነገር ነው አይደል? የጎጉ ሰውዬ ሞቷል፣ ቤቱም ፈርሷል። ግን ወንድሜ ከልቡ ነበር። እኔ ምን ብዬ መለስኩለት መሰላችሁ? "በስንት እግርህ?" አልኩት። ሳቀ፣ የእውነት ሳቀ፣ ለቾልም ነገረው። "መኪና አለ እኮ" አለኝ። "ከክረምት በኋላ" አልኩት። ሂሳቤን ገና አልጨረስኩም ነበር፣ ትንሽ ይጠብቅ ብዬ ነው። እኔ ስንት ዘመን ጠብቄ የለ?

እና ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ ሳሉ ጀመረው። "በረደኝ" ይላል፣ በጋምቤላ ሙቀት፣ "በረደኝ አሪየት።" ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት መንገዱ አያስፈልግም ነበር፣ አፍ ይበቃ ነበር። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። ሞተ።

ስትጽፊ እዚህ ላይ "ወንድሟን በጣም ትወደው ነበር" ብለሽ እንዳትጨምሪ። እኔ የምለው ይህ ነው፤ እሱ ሦስት ቀን በደለኝ፣ እኔ ሃምሳ ዓመት። በሉ ፍረዱ።

ምን አልሽ? ጎግ ትሄጃለሽ ወይ ነው ያልሽው? መንገዱማ ደርቋል፣ መኪናም በየቀኑ ይሄዳል። ግን ብሄድስ ማን ያመጣኛል?

*እማማ አሪየት ይህን ሲሉ አኬሎ አንገቷን ደፋች። ያኔ ሽማግሌው ቾል ከበርጩማው ሥር የኦጁሉን ግራ እግር ጫማ አወጡ፣ ጨርቁ እንደ ተጠቀጠቀበት ነው፣ በእግራቸው ካለው ቀኙ አጠገብ አኖሩት።*

*"እኔ አለሁ" አሉ፣ "አሁን እኮ ጫማዬ ሙሉ ነው።"*

*መጀመሪያ የሳቁት እማማ አሪየት ናቸው።*