ርብቃ ያነበበችው ደብዳቤ

በ1990 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ዝናብ ሲያካፋ በዋለ አንድ ሐሙስ፣ አቶ ገብረሥላሴ ከልጃቸው ከርብቃ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ሰው በሳንቲም ልብሱን በሚያጥብበት ላውንድሪ ውስጥ ቆመው ልብሳቸው ሲሽከረከር ያዩ ነበር። ቤታቸው ከክፍለ ግዛቱ ድንበር ማዶ፣ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዲሲ ውስጥ ነው፤ የሕንፃቸው ማጠቢያ ግን ከተበላሸ ከርሟል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው።

«ጋሼ ገብረሥላሴ! እንደምን ዋሉ?»

የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ሉሊት ነበረች፤ ከዲሲ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጠፋሽ እኮ! አሌክሳንድሪያም ባሕር ማዶ ሆነ?»

«ሥራው ነው ጋሼ። ርብቃስ፣ ትምህርት እንዴት ነው?»

ፊታቸው ጠቆረ። «ምን ትምህርት አለ! ዘንድሮ ጣሪያ ይጠገናል ተብሎ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ተከፈተ። መምህሯም ሁለት ጊዜ ተቀያየረባት። የግል ትምህርት ቤት የሚከፍልላት ስኮላርሺፕ እንኳ በዕጣ ወጥቶላት ነበር። ኮንግረሱ የሚጨቃጨቅበት ቫውቸር፣ የመንግሥት ክፍያው፣ አይደለም፤ የበጎ አድራጊዎች ነው። ግን ቦታ ያገኘችው ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«ምን ችግር አለው ትያለሽ? በሱስንዮስ ዘመን ያ ሁሉ ሰው አንገቱን የሰጠው ለምን ነበር? እኔ በገዛ እጄ ወስጄ ላስረክባቸው? እናቷ ከመቃብር ትወቅሰኛለች።»

«ሱስንዮስ በአዋጅ አስገደደ፤ እዚህ የሚያስገድድ የለም። እኔስ አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩት ካቶሊክ መነኮሳይያት ዘንድ አይደል?» ማተቧን ከአንገቷ ሥር ሳብ አድርጋ አሳየቻቸው።

«አንቺ አገርሽ ነበርሽ፤ ዙሪያሽን ቤተ ክርስቲያን ነው። ይቺ ማን አላት?»

ሉሊት ጥያቄውን ተገቢ ሆኖ አገኘችው። «እርስዎ አሏት። አልዋሽዎትም፤ ጸሎታቸውን ትሰማለች፣ የሃይማኖት ክፍላቸውም ትቀመጣለች። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ካልወሰዷት ግን ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።»

«ደግሞስ ምን ጎደላት? እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ታንቆረቁረዋለች። ደብዳቤ ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ናት።» ከኮታቸው ኪስ አንድ ወረቀት አወጡ። «ይኸው የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ መልሱ እስከ ሰኔ ነው ብላኛለች።»

ሉሊት ሁለት ጊዜ አነበበችው። በጣቷም ቀን ቆጠረች። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞራ፣ «እስቲ ይቺን መስመር አንብቢልኝ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት።

ርብቃ ወረቀቱን ያዘች። ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አድርጋ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች።

«አይ ካንት፣ አልችልም» አለች በመጨረሻ።

«ትቀልዳለች» አሉ አባቷ ሳቅ ብለው።

«አትቀልድም ጋሼ። የሚለው ደብዳቤው በተጻፈ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ነው። ነገ ያበቃል።»

አቶ ገብረሥላሴ ሳቃቸው ከፊታቸው ሳይጠፋ ቆሙ። የኪራዩ ውል፣ የክሊኒኩ ቀጠሮ፣ የመምህሯ መልእክት፣ እስከ ዛሬ ያነበበችላቸው ሁሉ ግምት ነበር ማለት ነው። ልጅ አፉ ሲፈታ ሰምቶ ተማረልኝ ማለት የስደተኛ ወላጅ ስሕተት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አጠገቧ ቁጭ ብሎ አላዳመጣትም፤ እርሳቸውም ቢሆኑ።

«እኮ አራተኛ ክፍል ናት!»

«እዚያ ወደ ሦስተኛ ይመልሷት ይሆናል። እኛን መነኮሳይያቱ በየተራ ጮክ ብለን ያስነብቡን ነበር። ሁሉም እንዲያ ነው አልልዎትም፤ ነገ ጠዋት አብረን ሄደን ክፍሉን በዓይንዎ ይዩት።»

«ዕጣው ያልወጣላቸውስ? ሕንፃችን እኮ በልጅ የተሞላ ነው።»

«እነሱ እዚያው ይቀራሉ» አለች ሉሊት፣ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ እያቀበለቻቸው።

አቶ ገብረሥላሴ ተቀብለው ማጠቢያው ላይ ተደግፈው ደብዳቤው ላይ ፈረሙ። አንድ ክፍል ወደ ኋላ መመለስ ውርደት ይመስላል። ነገር ግን ልጅቱ የሚያዳምጣት መምህር ታገኛለች፤ ሳትችል እንደምትችል መምሰሏም ያበቃል። አባትየውም ቤታቸው የሚገባው ወረቀት ምን እንደሚል አንድ ቀን በትክክል ይነገራቸዋል።

ርብቃ እጅጌያቸውን ሳበች። «አባዬ፣ ሰው ፊት ሁሌ ጎበዝ ናት ትላለህ። አላውቅም ለማለት አፈርኩ።»

«ከእንግዲህ አላውቅም በዪ» አሉ። ከዚያም አጠገቧ ቁጭ ብለው የምታውቃቸውን ቃላት ብቻ እንድታነብላቸው ደብዳቤውን ዘረጉላት።