ባጃጇን ማን ይዳኛት?

መካነ ኢየሱስ ከተማ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት እንደተቀመጥኩ ጋሽ ሰይድና ሚስታቸው ዘይነብ ለፍቺ መጡ። የተጣሉት ዘይነብ ልብስ ነግዳ በገዛቻት ባጃጅ ነው። እሳቸው «ሙስሊም ነን፤ ሸሪዓ ነው የሚዳኘን» ይላሉ፤ እሷ «እዚሁ ይታይልኝ» ትላለች።

«ሸሪዓ የሚያየው ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ነው» አልኳቸው። «እዚያ ሚስት ነግዳ ያፈራችው የራሷ ነው፤ እዚህ ግን በትዳር የተፈራው እኩል ይካፈላል።»

ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ መንግሥትም ሕግ ያወጣው በከንቱ አይደለም፤ እዚሁ ይታይ።»

ዘይነብ ሻሿን አስተካከለች። «እኔ ሃይማኖቴን ትቼ የት እሄዳለሁ? ቃዲው ይዩልኝ።»

ሳይስማሙ ወጡ። በመስኮት ሳይ እሳቸው የባጃጇን መሪ ይዘዋል፤ እሷ ከኋላ ተቀምጣለች።

«ቀስ ብለው ይንዱ፤ ንብረቴ ናት» አለቻቸው።

«ንብረታችን» አሉና አስነሱ።