ለቅሶ ቤት የሚያስነሳው ጭቃ ሹም

በደርግ ጊዜ፣ ከናዝሬት ቆቃ በምትሄድ ታክሲ ውስጥ ተሳፍሬ ነው። ሁለት ሴት ተማሪዎች ለፈተና ልብ ወለድ ያጠናሉ፤ አጠገባቸው ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ጥበቃ ተቀምጧል።

«ጭቃ ሹሙ ሥልጣን ወዳድ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለች አንደኛዋ።

«ለቅሶ ቤት ሲገባ ሐዘንተኛውን ሳይቀር ብድግ በሉ ይላል። ያልተነሳለት ሬሳው ብቻ ነው!»

ጥበቃው ዞረ። «የቀበሌ ሊቀመንበራችንን ነው የምታሙት? ውረዱ፣ ቀበሌ እንሂድ!»

«ኧረ ጋሼ፣ የመጽሐፍ ሰው ነው! እንኩ፣ ይዩት።»

ገጹን ሲያይ ቆየ።

«የኛውም በእናቴ ለቅሶ እኔን አስነስቶኛል» አለ ቀስ ብሎ። «የዚህ መጨረሻው ምን ይሆናል?»

«ሲሞት ቀባሪ ያጣል።»

«እሰይ! ስትጨርሱ አውሱኝ።»

እኔም ከሱ ቀጥሎ አውሱኝ እንዳልል፣ ፊደል በቅጡ አለመቁጠሬ ያን ቀን ቆጨኝ።