ከራሱ ጋር የተመሳከረ ፋይል

ሄሎ... አቤት፣ የኩላሊት እጥበት ማሽን ጥገና ክፍል ነው።... አይ፣ ጸሐፊዋ አይደለሁም።... የለም፣ የማገናኝዎት ሌላ ሰው የለም፤ ባለሙያዋ እኔ ነኝ።... ምንም አይደል ሲስተር፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ይንገሩኝ።

...እሺ። አዲሱ ሶፍትዌር ካልተጫነ ማሽኑ አልነሳም አለ።... ታካሚው ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ላይ ናቸው። አናጢ ናቸው?... እግራቸውም አብጧል... እሺ። ሶፍትዌሩን ግን አውርደውታል። ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን ማረጋገጫ ቁጥርስ አመሳከሩት?... ስልሳ አራቱም ፊደልና ቁጥር ገጠመ። ወረቀት ላይ ጽፈው? ጎሽ።

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ — ወረቀቱ ላይ የጻፉትን ከየት አገኙት?... ኮምፒውተርዎ አስልቶ ካወጣው። ከዚያ ወደ ፍላሽ ከገለበጡት ጋር... እ... ሲስተር፣ ሁለቱም እኮ ያው አንድ ፋይል ነው። አንድን ሰው ለራሱ ምስክር እንደ መቁጠር ነው። መመሳከር ያለበት አምራቹ ድረ ገጹ ላይ ካወጣው ጋር ነው።

— ሬዲዮውን ቀንሺልኝማ፣ እባክሽ፣ አልሰማም —

ሄሎ፣ ይሰሙኛል? የአምራቹን ላንብብልዎት። ዘጠኝ፣ ኤፍ፣ ሁለት... የእርስዎ በምን ይጀምራል?... በሦስት። አዎ፣ አይገጥምም። ሲያወርዱ ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር?... ሁለቴ። እንግዲያው ፋይሉ ጎድሎ ይሆናል።

አይጫኑት።... አውቃለሁ፣ ለሚስታቸው አሁን ይጀመራል ብለዋቸዋል።... ሲስተር፣ አያልቅሱ እባክዎ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ አመሳክሬ ለአስተማሪዬ በኩራት አሳይቻለሁ።... ሙሉ ክፍሉ ፊት፣ አዎ።... ይሳቁ፣ ይሳቁ፣ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ።

ግን የተበላሸ ፋይል ከገባ ማሽኑ ከሰውነታቸው የሚያወጣውን ውሃ በትክክል ላይለካ ይችላል። ያንን ደግሞ በዓይን አናየውም።... ሐኪሙን ይጠይቁልኝ፣ አንድ ሰዓት መቆየት ይችላሉ?... እጠብቃለሁ።

...ይችላሉ አለ? ተመስገን። እንግዲያው እንደ አዲስ ያውርዱት፣ እኔ ስልኩን አልዘጋም... ሄሎ?... ሲስተር?... ሄሎ...

መስመሩ ተቋረጠ። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መልሰው ደወሉ፤ የአምራቹን ቁጥር እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፣ የእሳቸውም ገጠመ። አናጢው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጥበት ጀመሩ።